ለወገራ ብርድ ሜሪኖ ሱፍ፦ የውስጡ ስንት ግራም ይሁን? ሁዲውስ ያስፈልጋል?

የአዘዞ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ እስከ ኮሶዬ፣ ሲመች እስከ አምባ ጊዮርጊስ፣ በሳይክል ደርሶ መልስ የሚሆን ልብስ እየመረጥኩ ነው። መነሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር። መውጫው ላብ በላብ፣ መውረጃው ደረት የሚሰነጥቅ ብርድ። አሁን ያለኝ የጥጥ ካናቴራ፣ በላዩ የጥጥ ሁዲ (ባለ ኮፍያ ሹራብ)፣ ከዚያ ጃኬት ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ሁለት ልብስ ብቻ እንዲያመጣልኝ ልለምነው እችላለሁ። 150፣ 200፣ 260 እያሉ ከሚሸጡት የሜሪኖ (ሱፉ ስስና ለስላሳ የሆነ የበግ ዝርያ) ካናቴራዎች ለዚህ መንገድ የትኛው ይሻላል? መቶ በመቶ ሱፍ ወይስ ናይለን የገባበት? ወፍራም የሜሪኖ ሁዲ ቢመጣ የጃኬቱን ቦታ ይተካል? እዚሁ ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ውስጥ ቢገኝስ እውነተኛ ሱፍ መሆኑ በምን ይለያል?

ቁልቁለት፦

ከሁዲው በፊት ቆዳ የሚነካውን እንጨርስ። 150 አስመጣ። ቁጥሩ የጨርቁ ክብደት ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን ይነግርሃል። 200 ዝግ ብሎ ለሚነዳ ሰው ይሆናል። 260 ግን ስሜን ተራራ ሰንቃበር ላይ ድንኳን ውስጥ ለሚያድር እንጂ ፔዳል ለሚረግጥ አልተሠራም። ዳገት ላይ ሰውነት የሚያወጣው ሙቀት ብዙ ነው፤ ወፍራሙ ጨርቅ ላቡን ቶሎ ማስወጣት ስለማይችል ኮሶዬ ስትደርስ ሲጨመቅ ውሃ የሚወጣው ልብስ ለብሰህ ትገኛለህ።

የመንገዱን ጠባይ አስብ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ የወገራ ደጋ ደግሞ ከ2,700 ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ በከፍታው ብቻ አራት ዲግሪ ገደማ ይቀንስብሃል። ይህ ትንሹ ነው። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትወርድ ፊትህ የሚሰማው ብርድ ነፋስ በሌለበት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ከሚሰማው ጋር እኩል ነው። ይህም ለደረቅ ቆዳ ነው። ላብ የጠጣ ጥጥ ደረትህ ላይ ተለጥፎ ከወረድክማ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሜሪኖ አይረጥብም የሚል ሰው ካገኘህ አትስማው፤ ይረጥባል። ክሩ የራሱን ክብደት ሲሶ የሚያህል እርጥበት በውስጡ ይዞ ላዩ ግን ደረቅ ሆኖ ይሰማሃል፤ እርጥበቱን ሲስብም ጥቂት ሙቀት ይለቃል። ጫፍ ላይ ስትቆም እንደ ጥጥ በአንድ ጊዜ የማያበርድህ ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ከጠጣ ግን ሱፍም ይበርዳል፤ አደራረቁም ከፖሊስተር ይዘገያል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ላቡን ከመጀመሪያው ማሳነስ ነው።

ለዚህም አንገቱ ላይ እስከ ደረት አጋማሽ የሚወርድ ዚፕ ያለውን ምረጥ፤ ያለ ዚፕ የሆነውን በርካሽ ቢያገኙልህም እለፈው። ከቤት ስትወጣ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። በር ላይ ከሞቀህ አብዝተህ ለብሰሃል ማለት ነው። ዳገቱ ሲጀምር፣ ላብ ሳይመጣ፣ ዚፑን ክፈት፤ ጃኬቱን አውልቀህ የኋላ ኪስ ውስጥ ክተት። ጀርባህ ከራሰ በኋላ መክፈት ጥቅም የለውም።

ጫፍ ላይ ደግሞ ከሳይክል እንደወረድክ፣ ሻይ ሳታዝ፣ ዚፑን ዝጋ፣ ነፋስ የማያስገባውን ስስ ጃኬት ልበስ፣ ጓንትና የጆሮ መሸፈኛ አድርግ። ቁልቁለቱን የምትወርደው ሰውነትህ ትኩስ ሳለ በያዝከው ሙቀት ነው። አንዴ መንቀጥቀጥ ከጀመርክ ጃኬት መደረብ ቶሎ አያሞቅህም፤ ጣትህም ፍሬን በወጉ አይጨብጥም።

ሁለት ልብስ ብቻ ከሆነ የሚመጣው፣ የእኔ ምርጫ ሁለት 150 ነው። አንዱን ለብሰህ ትወጣለህ፤ ሁለተኛውን በፌስታል ጠቅልለህ ይዘህ ጫፍ ላይ ትቀይራለህ። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ነው፣ ኪስ ይገባል። ለመውረጃ ደረቅ 150 ከነጃኬቱ ከእርጥብ 260 ይበልጣል። ሁዲው ይቅር።

ልኩ ከቆዳ የሚገጥም ይሁን፤ በመካከሉ አየር ካለ ላቡን አይስብም። መሪውን ይዘህ ስታጎነብስ ወገብህ እንዳይጋለጥ ከኋላው ረዘም ያለ፣ እጅጌውም ጓንት ውስጥ እስኪገባ የሚደርስ ፈልግ። ለታች ሜሪኖ ታይት አታስመጣ፤ ኮርቻ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ከውስጥ፣ በላዩ ተራ የፖሊስተር ታይት ይበቃል። ጉልበት ግን ይሸፈን።

ድርና ማግ፦

ቁልቁለት ያለው ልክ ነው፤ በሁዲው ብቻ ትንሽ እለያለሁ። መጀመሪያ ስለ ክሩ ልጨምር።

ከግራሙ እኩል መታየት ያለበት የክሩ ውፍረት ነው፣ በማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ይለካል። ለውስጥ ልብስ ከ17.5 እስከ 19.5 ያለው መልካም ነው። ከ17 በታች በጣም ይለሰልሳል፣ ግን ለሳይክል ቶሎ ይቀደዳል። ከ21 ካለፈ ቆዳው ስስ የሆነ ሰው ማሳከክ ይጀምረዋል። ሻጩ ማይክሮኑን ካልጻፈ በጨርቁ ላይ ብዙ አልተጨነቀም ብለህ ጠርጥር።

ናይለን ለሚለው፦ 150 ከሆነ ናይለን ያለበትን ውሰድ። ስስ መቶ በመቶ ሱፍ በተለይ ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ብብት ሥር፣ የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ የሚያርፍበት ትከሻ፣ ቀበቶ የሚፈጭበት ሆድ ላይ ቀዳዳ ያወጣል። ከ10 እስከ 15 በመቶ ናይለን ያለበት፣ በተለይ ናይለኑ መሐል ገብቶ ሱፉ በላዩ የተጠመጠመበት ክር ከሆነ፣ ቆዳህን የሚነካው ሱፉ ነው፤ የሚሸከመው ናይለኑ ነው። ከ200 በላይ ለሆነው መቶ በመቶ ሱፍ ይሁን ብትል አልከራከርም። ግማሽ ፖሊስተር የሆነው ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ሱፍ የሚገዛበትን አንዱን ትልቅ ምክንያት፣ አለመሽተቱን፣ ይቀንስብሃል።

ስፌቱን ገልብጠህ እይ። ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥሞ ጠፍጣፋ የተሰፋ መሆን አለበት። ትከሻ ላይ ወፍራም ስፌት ካለ በቦርሳ ማንገቻ ሥር ቆዳ ይልጣል። ስፌቱ ከትከሻ ጫፍ ይልቅ ከአንገት ወደ ብብት ሰያፍ የወረደ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ሁዲው። ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 320 ግራም ነው፤ ጃኬትን አይተካም። ሹራብ የቀለበት ሥራ ነው፤ ነፋስ በቀለበቶቹ መሐል ያልፋል። ቆመህ ሲሞቅህ የነበረው ልብስ በቁልቁለት ፍጥነት እንደሌለ ይሆናል። በላዩ ከላባ የቀለለ ነፋስ መከላከያ ስትደርብበት ግን ከብዙ ወፍራም ጃኬት ይሻላል። ስለዚህ ደባርቅ ማደር፣ ማታ ከሳይክል ወርዶ መቀመጥ ካለ ሁዲው ቦታ አለው፤ ለኮሶዬ ደርሶ መልስ ግን እውነትም ሸክም ነው። ከገዛህ ሙሉ ዚፕ ያለውን ግዛ። በጭንቅላት የሚጠለቀውን ዳገት መሐል ለማውለቅ ቆብም (ሄልሜትም) መነጽርም ማውረድ አለብህ፤ ሰው ደግሞ ይሰንፍና ሳያወልቅ ያልበዋል።

ሰንሰለት፦

ልጆች፣ ይህን ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ለካናቴራ? በሰልባጅ የሚገኝ ስስ የፖሊስተር ሩጫ ካናቴራ፣ ከቆዳ የሚገጥመው፣ ከዚህ ሥራ አብዛኛውን ይሠራል። ላብን ያሳልፋል፣ ከሱፍ ቀድሞ ይደርቃል፣ ቢቀደድም አያስለቅስም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ጫፍ ላይ ስትቆም ቶሎ ይበርዳል፤ ይህን በመቀየሪያ ትፈታዋለህ። ደግሞ ይሸታል፤ በየቀኑ ይታጠብ። ለአንድ ጠዋት መንገድ ይህ በቂ ነው። ሜሪኖ ዋጋውን የሚያወጣው በአንድ ካናቴራ ሦስትና አራት ቀን ለሚሄድ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ወዲያ ለሚዘልቅ ሰው ነው፤ ማጠቢያ ውሃ በሌለበት።

ለመውረጃው ጋዜጣ። ሁለት ሦስት ገጽ አጥፈህ በካናቴራውና በጃኬቱ መሐል ደረትህ ላይ ታስገባለህ። በትልልቅ የተራራ ውድድሮች ብስክሌተኞች ከጫፍ ሲወርዱ የሚያደርጉት የቆየ ዘዴ ነው። ነፋሱን ይቆርጣል፣ ጥቂት ላብም ይጠጣል። ፌስታል በጋዜጣ ቦታ አታስገባ፤ ነፋስ ይከለክላል፣ ግን ላቡን አፍኖ ይይዝና ጎንደር ማራኪ ሰፈር ስትደርስ ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የአዘዞ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጋዜጣውን ይዤዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአገራችን በግ የሚሠራው ሱፍስ? ባናው፣ በርኖሱ ብርድ ይችላል ይባላል። ለሸማኔ ሰጥቶ ስስ አድርጎ ማሠራት አይቻልም?

ድርና ማግ፦

ለውስጥ አይሆንም። ቆዳ የሚወጋው ከ30 ማይክሮን ገደማ በላይ የሆነው የክር ጫፍ ነው፤ ስሱ ጫፍ ቆዳ ሲነካ ይታጠፋል፣ ወፍራሙ ሳይታጠፍ ይወጋል። የደጋ በጋችን ሻካራ ፀጉርና ስስ ሱፍ የተቀላቀለበት ነው፤ ሸማኔው ቢያሳሳውም የፀጉሩን ውፍረት አይቀይረውም። ላብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ለላይ ግን ማንም አይንቀውም። በርኖስ ተፈትሎ ተሸምኖ ስለሚደቀደቅ ጥቅጥቅ ይላል፤ ሹራብ የማይከለክለውን ነፋስ እሱ ይከለክላል። ኪሎው ነው ለሳይክል የማያመቸው። በደባርቅ መንገድ ዳር የሚሸጠው በእጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ ግን ጥሩ ግዢ ነው። ግንባር ላይ ካሳከከ ከውስጥ ስስ ሻሽ አስሰፋበት።

ሰልባጅ ተራ፦

የሰልባጁን ጥያቄ ማንም ስላልመለሰው እኔ ልመልስ። ሱፍ ነው ብለው የሚሸጡት አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ሻጩም ላያውቀው ይችላል።

መጀመሪያ ጎን ስፌት ውስጥ ያለውን ምልክት አንብብ፤ ቢያንስ ፐርሰንቱን ታያለህ። የአንገቱን ምልክት አትመን፣ እሱ የድርጅቱን ስም ነው የሚናገረው። ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ ከጨርቁ ላይ ክር መዝዘህ በክብሪት አቃጥል። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል፦ የስፌቱን ክር ይመዛል። የስፌት ክር በሱፍ ልብስም ላይ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ቀለጠ ብለህ ጥሩ ልብስ ትጥላለህ። ከውስጥ በኩል ከታች ጠርዝ፣ ከራሱ ከጨርቁ ምዘዝ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቃል። አክሪሊክና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፣ ጥቁር ጭስ ያወጣሉ፣ ሲበርዱ የማይደቅ ጠንካራ እንክብል ይተዋሉ። የሱፍ ሽታ ሸቶ ትንሽ እንክብል ከተወ ናይለን የተቀላቀለበት ነው፤ ለአንተ ሥራ ይኸው ነው የሚፈለገው። እሳት ሜሪኖን ከሌላ ሱፍ አይለይልህም። ያን ለማወቅ ክርንህ እጥፋት ውስጥ ወይም አንገትህ ላይ እሸው፤ መዳፍ አይሰማም።

ግራሙ ካልተጻፈ ከበርበሬ ሻጯ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስመዝን። መካከለኛ ቁጥር ረጅም እጅጌ ከሆነ 170 ግራም ገደማ የመዘነው የ150 ጨርቅ ነው፣ 230 የደረሰው የ200፣ 300 የቀረበው የ260። ይህ ግምት ነው፣ ዚፕና ኮፍያ ካለው ይለወጣል።

ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥተህ ጀርባውንና ብብቱን እይ። ብሩህ ነጥብ ካየህ የሳሳ ነው፤ ጠርዙ የተበላ ትንሽ ቀዳዳ ካየህ ብል ነው፣ ቤትህ ካለው ሌላ ሱፍ ጋር አታገናኘው። ወፍሮ የማይለጠጥ፣ የሹራቡ ዓይን የማይታይ ከሆነ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ተኮማትሯል። እሱን ማንም አይመልሰውም፤ ሻጩ ሲለበስ ይሰፋል ቢልህ እየሳቅህ እለፍ።

ወለተ ጎንደር፦

እህቴ፣ ሰልባጅ ተራ፣ ስለ ሚዛኑ አመሰግናለሁ፣ አላሰብኩትም ነበር። ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ከሜሪኖው ሥር የጥጥ ጡት መያዣ ከተደረገ ላቡን የሚይዘው እሱ ነው፣ የላዩ ሱፍ ምንም ቢሆን ደረት መሐል እርጥብ ይቀራል። የስፖርት ጡት መያዣው ፖሊስተር ወይም ሱፍ ይሁን፣ ስፖንጅ የሌለው። ከሚቀየረው ካናቴራ ጋርም አንድ ተጨማሪ ይያዝ።

አጠባቡንስ? ብል ከተነሣ ስለ ማስቀመጡም ንገሩን።

ድርና ማግ፦

ሱፍ ፀጉር ነው፤ ፀጉርን በማትነኪበት ነገር አትንኪው። በረኪና ሱፍን ያሟሟል፣ በትክክል። የዱቄት ሳሙና ያደርቀዋል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የደምና የወተት እድፍ የሚያነሣ ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሚበላ ሱፉንም ያሳሳል። ለሱፍ የተሠራ ፈሳሽ ሳሙና ካልተገኘ ለዘብ ያለ የፀጉር ሻምፖ፣ ለአንድ ሳፋ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በቂ ነው። ውሃው ለብ ያለ፣ ከ30 ዲግሪ ያልበለጠ፣ የማለቅለቂያውም እንዲሁ። ሱፍ የሚኮማተረው ሙቀት፣ እርጥበትና ፍትጊያ አንድ ላይ ሲገናኙት ነው፦ የክሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አይላቀቁም። ስለዚህ አስር ደቂቃ ዘፍዝፈሽ ተጫኚው፤ አትሺው፣ አትጠምዝዢው። ምልክቱ በማሽን ይታጠባል ካለ ቅርፊቱ ለስልሶ የተሠራ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ሙቅ ውሃ አይሁን። ማለስለሻ አትጨምሪበት፤ ክሩን ይሸፍንና እርጥበት እንዳይስብ ያደርገዋል።

ውሃውን ለማውጣት ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ከፎጣው ጋር ጠቅልለሽ ተጫኚው። ከዚያ ጥላ ውስጥ አጋድመሽ አስጪው። ገመድ ላይ በትከሻው ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይረዝማል። በበጋ ነፋስ 150ው ከሰዓት በኋላ ደርሶ ይጠብቅሻል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሊፈልግ ይችላል። ሁልጊዜ መታጠብም የለበትም፤ ከመንገድ ስትመለሺ ገልብጠሽ ነፋስ ላይ ብታውዪው ሽታው ይሄዳል። ጥጥና ፖሊስተር ላይ ይህን አትሞክሪው።

ልብሱን የሚበላው የብሉ እጭ (ትሉ) ነው፣ ላብና ምግብ የነካውን ያስቀድማል። ወቅቱ ሲያልፍ አጥበሽ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቀሽ፣ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አኑሪው። ሰልባጅ የተገዛውን ከዚያ በፊት በፌስታል አስረሽ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ፣ ቢያንስ ሳምንት አቆዪው። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ናፍታሊን ይሠራል፣ ግን ሽታው ለቀናት አይለቅም፤ የሕፃን ልብስ ያለበት ሳጥን ውስጥማ አይግባ።

የአዘዞ ልጅ፦

በጣም ግልጽ ነው። እንግዲያው ሁለቱም 150፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ ናይለን፣ አንዱ ባለ ዚፕ። አንዱን ግን ኮፍያ ያለው ስስ 150 ባደርገው ከቆብ ሥር ይለበሳል?

ቁልቁለት፦

ይለበሳል፣ ኮፍያው ከጭንቅላት ጋር የሚጣበቅ፣ ያለ ገመድና ያለ መሐል ስፌት ከሆነ። ወፍራም ከሆነ ቆቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ስትወድቅ በቦታው አይገኝም፤ የቆቡን ማጥበቂያ ኮፍያውን እንዳደረግህ አስተካክል። ሰፊ የሁዲ ኮፍያ ከቆብ ሥር አታድርግ፤ ወደ ኋላ ስትዞር አብሮህ ስለማይዞር ከኋላ የሚመጣውን ባጃጅ አታይም። ከቆቡ ላይ ካደረግከው ደግሞ ነፋስ ይሞላውና ጭንቅላትህን ወደ ኋላ ይስባል። ዚፑ ግን በሁለቱም ላይ ይኑር፤ ባለ ኮፍያውንም የምትለብሰው ጫፍ ላይ ነው፣ ሲወጣ አይደለም። ለዘመድህ የደረትህን ዙሪያ በሴንቲሜትር ላክለት፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መካከለኛ ቁጥር አንድ አይደለም።